በቀን አንድ ሚሊሜትር

ባላቶን ሐይቅ ረግቷል። ጥር ነው። በረዶው ሌሊት ይጮኻል፤
ከዳር እስከ ዳር ሲተረተር፣ እንደ ተቆጣ ኮርማ ያገሳል።
ቲሃኒ፣ ከቤተ ሙከራው፣ አንድ መስኮት ብቻ በርቷል፤
ፒሮሽካ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍታ፣ ዓይኗ ከዓይኑ ተጣብቋል።

ከኩሬ ቀንድ አውጣ የወጣች፣ አንዲት የነርቭ ሴል አለች፤
ከብርጭቆ ሳሕን ላይ ሆና፣ መሄጃ ትፈልጋለች።
እግር የላት፣ ዓይን የላት፣ ና የሚላት ድምፅ የላት፤
ግን ከጫፏ መዳፍ አብቅላ፣
ጣቶቿን በጨለማ ዘርግታ፣ ወለሉን ትዳስሳለች፤
እንደ ዐይነ ስውር በእንግዳ ቤት፣ ግድግዳውን እየለካች።

ጣቶቹ የአክቲን ክር ናቸው። ክሩ ከፊት ይቀጠላል፣
ከኋላ ደግሞ ይፈታል፤
ሲሠራም ሲፈርስም ያድራል።
ኮፊሊን የሚሉት ፕሮቲን፣ ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤
ያረጀውን ክር መርጦ፣ ቀጭ! ቀጭ! ያደርገዋል፤
ቁርጥራጩ ወደ ፊት ሄዶ፣ ለአዲስ ጣት ይውላል።

ከኋላ፣ ከመዳፉ አንጓ፣ ሌላ ዓይነት አጥንት ይገፋል፦
ቱቡሊን ከቱቡሊን ገጥሞ፣ ውስጡ ባዶ፣ ሸምበቆ፤
ታው የሚባለው ፕሮቲን፣ እንደ ልጥ ዙሪያውን ታጥቆ
ያስረዋል፣ እንዳይበተን።
አንዱ ጣት ጥሩ መሬት ነክቶ፣ ረግጦ ሲጸና ብቻ፣
ሸምበቆው ወደዚያ ይሄዳል። የቀሩት ጣቶችማ፣ እንጃ፣
ይሰበሰባሉ፤ ይረሳሉ።

ሸምበቆ። ቃሉን ጽፋ፣ ብዕሯ መሃል ላይ ቆመ።
አባቷ ሎሪንጽ አጫጅ ነው፤ ሐይቁ በረዶ ሲለብስ፣
ለቤት ክዳን ሸምበቆ ሲያጭድ፣ አርባ ክረምት ከረመ።
ባለፈው ሰኞ አዳለጠው፤ ማጭዱ ዞሮ ሲመለስ፣
የግራ እጁን አንጓ ከፈተው።
ነጭ ጅማት ታየ፤ ከዚያ ቀይ በረዶ።

ቬስፕሬም፣ ሐኪሟ ሰፋችው፣ ከጸጉር በቀጠነ ፈትል፤
«ነርቩ ተቆርጦ ነበር አባባ፤ ገጥሜዋለሁ እንግዲህ፤
ከቀናው በቀን አንድ ሚሊሜትር ያድጋል። አይቸኩሉ፣ አይቸኩል።»
አውራ ጣቱ ግን የሌላ ሰው ነው፤ ቢቆነጥጡት አይሰማ።
«ያን ማጭድ ሐይቅ ውስጥ ጣሉት፣ ዓይኔ አይየው» አለ በዚያ ማታ።

ከሦስተኛው ሳሕን ላይ፣ ኮፊሊን ተቆልፏል፤
ፎስፌት የምትባል ኢምንት፣ አፉን እንደ ቁልፍ ዘግታው።
መቁረጥ የተከለከለችው ሴል፣ ክር በክር ላይ ከምራ፣
መዳፏ ደንድኖ ቀረ። አንድ ጣት አልዘረጋችም፤
አትሄድም፤ አትመለስም።
ፒሮሽካ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ልጅ ሳለች አባቷ ያለው፦
«ያልታጨደ ሸምበቆ፣ በራሱ ሬሳ ይታፈናል፤
ቡቃያው በየት ይውጣ? ማጭድ ነው በር የሚከፍተው።»
ስልኳን አነሣች። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ምን ልትል? ማጭድህ አልበደለም ልትለው?
ተወችው።

ግንቦት። በረዶው የለም። ቀን መቁጠሪያው ላይ ጭረት፣
መቶ ዐሥራ ስምንት።
ሎሪንጽ ኩሽና ቆሞ ዓሣ ያጸዳል፤
ቢላው በቀኝ፣ ዓሣው በግራ፣ በዚያ እንደ እንጨት በሆነ እጅ።
የክንፏ እሾህ አውራ ጣቱን ወጋው።
ተሳደበ፤
የማይጻፍ፣ የሰፈር፣ የአጫጆች ስድብ።
ከዚያ ዝም።
ቢላውን አስቀመጠ። የደሟን ጠብታ አያት።

ፒሮሽካ በሩ ላይ ናት። ትንፋሿን ይዛ ታየዋለች።
እሱ ግን ያንኑ ጣት፣ ወደ እሾሁ ቀስ ብሎ መልሶ፣
«እስቲ ድገሚኝ» አላት፣
ለሞተችዋ ዓሣ፣
ድምፁ እንደ ሕፃን አንሶ።